ጥቁሩ ድኩላ፣ ነጩ ሳላና የአዳኙ ኃላፊነት

አንድ አዳኝ ጠመንጃውን እንደያዘ በጫካ ዳር ሁለመናው ነጭ የሆነ ወይም እንደ ከሰል የጠቆረ አጋዘን ድንገት ቢገጥመው ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በደማምና በኮበር በምንማር ኢትዮጵያውያን መካከል ብዙ ክርክር ስላስነሳ፣ በዚህ መጽሔት አማካይነት በሌላ አገር ላሉ ወንድሞችና እኅቶችም ማቅረቡ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ጉዳዩ ለጊዜው ሲታይ የሻይ ሰዓት ወሬ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን የአገር ሀብት በማን እጅ ነው፣ ማንስ ያዝበታል፣ ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል ከሚለው ከታወቀው ጥያቄ የሚለይ አይደለም።

በክርክሩ ሦስት ዓይነት አስተያየቶች ተሰምተዋል። አንደኛው ወገን፣ ብርቅ የሆነ አውሬ የገጠመው አዳኝ ዕድለኛ ነውና ተኩሶ ቆዳውን ለልጅ ልጅ ማቆየት አለበት ይላል። ሁለተኛው ወገን በሳይንስ ስም ይናገራል፤ እንዲህ ያለው እንስሳ ጉድለት ያለበት ስለሆነ ዘሩ መንጋውን ሳያበላሽ ቢወገድ ይሻላል ባይ ነው። ሦስተኛው ወገን ደግሞ ነገሩን ለአድባር ይተዋል፤ ባለቤት አለው፣ የነካው ሰው ይቀሠፋል ይላል። እኛ ሦስቱንም አስተያየቶች አንቀበልም። ከሦስቱ ሁሉ የተሻለ የሚመስለው የመጨረሻው እንኳ እንስሳውን የሚያድነው በፍርሃት እንጂ በዕውቀት ስላልሆነ፣ ፍርሃቱ ሲለቅ ጥበቃውም አብሮ ይለቃል።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንነጋገር። በመጻሕፍት አጋዘን ብለን የምንተረጉመው የኤውሮፓና የአሜሪካ እንስሳ በአገራችን የለም። በአፍሪካ ምድር የእርሱ ወገን በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን አፍሪካ ብቻ ነው። ያ እንስሳ ቀንዱን በየዓመቱ እየጣለ አዲስ ያበቅላል፤ የእኛዎቹ አጋዘን፣ ድኩላና ሳላ ግን ቀንዳቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ይዘውት ይኖራሉ። ይህ የዘር ልዩነት ቢኖርም የቀለም ሕጋቸው አንድ ነው፤ አዳኙ የሚጠየቀው ጥያቄም አንድ ነው።

የቀለሙን ነገር በሕክምና ትምህርት ቤት ከምንማረው ጋር አያይዘን ባጭሩ እናስረዳ። የጠጉርም ሆነ የቆዳ ጥቁረት የሚመጣው ሜላኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው። እንስሳው ይህን ንጥረ ነገር ጭራሽ መሥራት ካልቻለ ጠጉሩ ነጭ፣ ዓይኑም ቀላ ያለ ይሆናል፤ ይህ አልቢኒዝም ነው። የዚህ ዓይነቱ እንስሳ የማየት ኃይሉ ደካማ ነው፤ ፀሐይም ቶሎ ይጎዳዋል። ሁለተኛው ዓይነት ንጣት የሚመጣው ቀለም ሠሪ የሆኑት ሴሎች ጽንሱ ሲያድግ በቆዳው ላይ በሚገባ ሳይዳረሱ ሲቀሩ ነው። እንዲህ ያለው እንስሳ ጠጉሩ ቢነጣም ዓይኑ ጥቁር ነው፤ በአብዛኛው ከጓደኞቹ ያላነሰ ጤና አለው። ሴሎቹ በከፊል ብቻ ሲዳረሱ ቡራቡሬ ይሆናል። በተቃራኒው ሜላኒን ሲበዛ ደግሞ እንስሳው ይጠቁራል።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚተላለፉት በስውር ነው። ሁለት ቡናማ ወላጆች ሁለቱም ስውሩን ዘር ከተሸከሙ፣ ከሚወልዱት ውስጥ በአማካይ ከአራት አንዱ ነጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነጩን መርጦ በመግደል «ዘሩን ማጽዳት» የሚለው አሳብ በሳይንስ ስም የሚነገር እንጂ ሳይንስ አይደለም፤ ዘሩ በቡናማዎቹ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀጥላልና። ከዚህም በላይ ይህ አነጋገር አደገኛ ነው። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ወገኖቻችን ናቸው። የሚያስፈልጋቸው የዓይን ሕክምና፣ ከፀሐይ የሚከላከል ልብስና ቅባት እንዲሁም ክብር ነው። ቀለሙ የተለየን ፍጡር ሁሉ በጅምላ ጉድለት ብሎ መጥራት የለመደ አፍ፣ ነገ ከጫካው ወጥቶ ወደ መንደር መግባቱ አይቀርም።

ወደ ዋናው ነገር እንለፍ። አዳኙ አንድን እንስሳ ብቻ የገደለ ይመስለዋል እንጂ በእርግጥ የሚያደርገው መንጋው ወደፊት ምን እንደሚመስል መምረጥ ነው። ለዚህ ጉልህ ምሳሌ የሚሆነው በአሜሪካ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር የነበረው የሴኔካ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የአዋጆቹ ካልሆኑ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1941 ሰፊ መሬት በአጥር ሲከለል በውስጡ የነበሩ አጋዘኖች አብረው ታጠሩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነጭ አጋዘን ታየ። የግምጃ ቤቱ አዛዥ ነጮቹ እንዳይገደሉ ከለከለ፤ ቡናማዎቹ ግን በፈቃድ ይታደኑ ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? በሌላ ቦታ አንድ ሰው በዕድሜው አንዴ እንኳ ላያይ የሚችለው ነጭ አጋዘን በዚያ አጥር ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ሆነ። ዓይናቸው ጥቁር ነው፤ ይወልዳሉ፣ ያሳድጋሉ።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የመንጋውን ቀለም የለወጠው የአየሩ ጠባይ ወይም ተአምር ሳይሆን «ይህን ተኩስ፣ ያንን ተው» የሚል ትእዛዝ ነው። ሁለተኛ፣ ትእዛዙ ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ ነጮቹ ገና በጥቂትነታቸው ባለቁ ነበር። እርግጥ ነው፣ በአጥር ውስጥ የዘመድ ከዘመድ መዋለድ ይበዛልና ሴኔካ በሁሉም ነገር አርአያ ይሁነን አንልም። ግን ጠመንጃ መራጭ መሆኑን በግልጽ ያሳያል። ይህን በመረዳት ይመስለናል ዊስኮንሲንና አዮዋን የመሳሰሉ የአሜሪካ ግዛቶች ነጭ አጋዘን መግደልን በሕግ የከለከሉት።

ሁለተኛው ምሳሌ ከምንማርበት አገር የተገኘ ነው። የዓረብ ምድር ሳላ ከአዋሹ ሳላ ጋር የአንድ ወገን ልጅ ቢሆንም ከእግሩና ከፊቱ ምልክት በስተቀር ነጭ ነው። በድዊኖች «ዉደይሒ» ይሉታል፤ ጎልቶ የሚታይ፣ የሚያበራ ለማለት ነው። ንጣቱ የበረሃውን ፀሐይ እየመለሰ ሕይወቱን ያተርፍለታል። በግመልና በእግር በሚታደንበት ዘመን ይህ ቀለም አልጎዳውም፤ ጥቂት ይገደል ነበር፣ ብዙው ይተርፍ ነበር።

በ1938 የደማም ሰባተኛው ጉድጓድ ዘይት በብዛት መስጠት ጀመረ። ዘይቱ መኪና አመጣ፤ መኪናውና ዘመናዊው ጠመንጃ ተባብረው ነጩን ሳላ ከሩቅ እያዩ እስኪደክም ማሳደድ ቀላል ሆነ። ከፀሐይ ያዳነው ንጣት ከጥይት ሊያድነው ቀርቶ አጋለጠው። በ1972 በዑማን በረሃ የመጨረሻዎቹ የዱር ሳላዎች ተገደሉ። በዱር የሚኖር የዓረብ ሳላ በዓለም ላይ አልቀረም ማለት ነው።

ዘሩ ጨርሶ ያልጠፋው ጥቂት ሰዎች ቀደም ብለው በማሰባቸው ነው። በ1962 ከበረሃው የተያዙ ጥቂቶች፣ የሳዑዲው ንጉሥ ሳዑድ ከሰጧቸውና ከኩዌትና ከለንደን ከተገኙት ጋር ተደምረው በአሪዞና በፊኒክስ ከተማ መካነ አራዊት ተሰበሰቡ። ጠቅላላ ቁጥራቸው 9 ነበር። ከእነዚህና በዓረብ አገሮች ተጠብቀው ከቆዩት የተራቡት በ1982 ወደ ዑማን በረሃ፣ በ1990 ወደ ሳዑዲው መሐዘት አስ ሰይድ፣ በ1995 ደግሞ በሩብዓል ኻሊ ጫፍ ወዳለው ዑሩቅ በኒ መዓሪድ ተመለሱ። በ2011 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እንስሳው የነበረበትን የአደጋ ደረጃ ዝቅ አደረገ። ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ በመጥፋት ላይ ባሉ አራዊት መነገድ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 30 ሚሊዮን ሪያል መቀጫ ያስከትላል።

የዑማን ታሪክ ግን ማስጠንቀቂያም አለው። ወደ በረሃው የተመለሱት ሳላዎች በ1996 ከ400 በላይ ደርሰው ነበር። ወዲያው ለሀብታሞች የግል ግቢ በሕይወት እየተያዙ መሸጥ ጀመሩ፤ በ2007 የቀሩት ወደ 65 ብቻ ሆኑ። በዚያው ዓመት መንግሥት የጥበቃውን ክልል በ90 ከመቶ ቢቀንስ፣ ዩኔስኮ ቦታውን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው። ከመዝገቡ የተሰረዘ የመጀመሪያው ቅርስ ይህ ነው። ብርቅነት ዋጋ ካወጣ ገዳዩ ባለ ጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ ባለ ገንዘብም ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በአገራችን ደጋ ጫካ የሚኖር አንድ ድኩላ አለ። በሌላው አፍሪካ ያለው ድኩላ ቀይ ወይም ቡናማ፣ ነጭ ነጠብጣብና መስመር ያለው ሲሆን፣ የእኛው ወንድ ድኩላ ዕድሜው በገፋ ቁጥር እየጠቆረ ሄዶ ከሩቅ ሲያዩት ጥላ ይመስላል። ሴቷ ግን ቀላ ያለች ናት። በ1902 ኦስካር ኖይማን የተባለ ጀርመናዊ የምኒልክ ድኩላ ብሎ ሰየመው። ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ በመናገሻ ሱባ ጫካ፣ በባሌም በዲንሾ አካባቢ ይገኛል። ለእርጥብና ለጥቅጥቅ ጫካ ጥቁር ቀለም እንደሚስማማ ግሎገር የተባለው ሊቅ ገና በ1833 ጽፎ ነበር፤ የእኛ ደጋ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ገሰላ የምንለውም የተለየ ዘር አይደለም። ነብር ራሱ ነው፤ ጥቁሩ በዝቶበት ነው እንጂ ፀሐይ ላይ ሲቆም ነጠብጣቡ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የምኒልክ ድኩላ ጥቁረት ለዓለም ብርቅ ነው፤ ለመናገሻና ለባሌ ገበሬ ግን የዘወትር ነገር ነው። ነጩ ሳላም ለበድዊኑ የዘወትር ነበር። የዘወትር የሆነ ነገር እንደሚያልቅ ማን ያስባል? ከተራራ አጋዘናችን ጋር ያለው ታሪክም ይኸው ነው። ባሌና አርሲ ያሉ እረኞች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን ይህን እንስሳ፣ ሳይንስ «አገኘሁት» ያለው አንድ እንግሊዛዊ በ1908 ገድሎ ቆዳውንና ቀንዱን ወደ ለንደን ከላከና ሊዴከር በ1910 ከመዘገበው በኋላ ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ዛሬም የመጥፋት አደጋ ካለባቸው መካከል ተመዝግቦ ይገኛል።

የራሳችን ባህልም ሳይወቀስ አይታለፍም። በቀድሞው ሥርዓት የጀግንነት መለኪያው ግዳይ ነበር። የአንበሳ ጎፈርና የገሰላ ለምድ የማዕረግ ልብስ ነበሩ፤ ብርቁ ጥቁር ነብር የሚከበረው ሞቶ በሹም ትከሻ ላይ ሲወርድ ነው። ያ ሥርዓት ሄዷል፤ ፉከራው ግን በሠርጋችንና በበዓላችን፣ እዚህ በስደት እንኳ፣ ገዳይ እያለ ይቀጥላል። ባህላችንን እንጣል አላልንም። ነገር ግን አውሬው በሞላበት ዘመን፣ በጦርና በጋሻ ፊት ለፊት የገጠመውን ሰው ለማመስገን የተፈጠረ ቃል፣ በመነጽር ጠመንጃ ከሩቅ ለሚተኩስ ሰው ይገባዋል ወይ? ብለን መጠየቅ ግን መብታችን ነው።

በሌላ በኩል ለዋንጫ ቀንድ የሚመጣው የውጭ አዳኝ አለ። የተራራ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቦታዎች ለባለ ዶላር በፈቃድ ሲታደኑ ኖረዋል። በዚህ አሠራር የሚደገፍ ክርክር መኖሩን አንክድም፦ የሚታደኑት ያረጁ ወንዶች ከሆኑ፣ ቁጥሩ በጥናት ከተወሰነ፣ ገንዘቡም ጫካው እንዳይመነጠር ካገለገለ፣ አደን ራሱ ጥበቃ ሊሆን ይችላል ይባላል። ይህን ክርክር በሦስቱ «ከሆነ» ሚዛን እንመዝነዋለን። ሦስቱ ካልተሟሉ የሚቀረው ንግድ ብቻ ነው።

ንግድ ብርቅ ቀለምን ወዴት እንደሚወስደው ለማየት ደቡብ አፍሪካን መመልከት ይበቃል። እዚያ ባለ እርሻዎች ጥቁር ኢምፓላና ወርቃማ ዊልደቢስት እያዳቀሉ ለአዳኝ ገበያ አቀረቡ። አንድ ወንድ እንስሳ በሚሊዮን የሚቆጠር ራንድ እስከ ማውጣት ደረሰ። ከ2015 በኋላ ገበያው ወደቀ፤ የተረፈው በአጥር የተከፋፈለ ሜዳና ለዱር ኑሮ ሳይሆን ለቀለም ብቻ ተመርጦ የተዳቀለ መንጋ ነው። እንግዲህ ብርቅነትን አምላክ ማድረግም እንደ ዋንጫ መቁጠሩ ያው ጥፋት ነው። ሊጠበቅ የሚገባው ቀለሙ ብቻ አይደለም። ቀለሙ በራሱ ጊዜ የሚወለድበት መንጋና መንጋው የሚኖርበት ጫካ ነው።

ጫካው ደግሞ ሰው አለበት። በ1991 የደርግ መንግሥት ሲወድቅ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የጥበቃ ጣቢያዎች ፈረሱ፤ ብዙ የተራራ አጋዘኖች ተገደሉ። ይህን ያደረገው ሕዝብ አውሬ ጠል ስለሆነ ነውን? አይደለም። ለብዙ ዓመታት «የመንግሥት አውሬ» ሲባል የሰማው፣ ከግጦሹ ሲከለከል የኖረው፣ ከፓርኩም አንዳች ጥቅም ያልደረሰው ገበሬ፣ አጋዘኑን የገዥው አጋር አድርጎ አየው። ለሕዝቡ ያልሆነ ጥበቃ ጠባቂው የሸሸ ዕለት ያልቃል። ከዚያ ወዲህ አጋዘኑ በአካባቢው እንደገና ማንሰራራቱ፣ ሕዝብ ከተባበረ ተስፋ መኖሩን ያሳያል።

ለእኛ ለደማም ተማሪዎች ትርጉም ያለው አንድ አጋጣሚም እንጥቀስ። ከዚህ 400 ኪሎ ሜትር ግድም በምትርቀው በሪያድ፣ በመስከረም ወር 2023 በተደረገው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ጉባኤ ላይ ሁለት ቦታዎች በአንድ ስብሰባ ተመዝግበዋል፦ የእኛ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የሳዑዲው ዑሩቅ በኒ መዓሪድ። የጥቁሩ ድኩላ ጫካና የነጩ ሳላ አሸዋ በአንድ መዝገብ ሰፈሩ። ልዩነቱ አንዱ አገር እንስሳውን አጥቶ በብዙ ድካምና ገንዘብ መልሶ የገዛው መሆኑ ነው። እኛ ገና አላጣነውም። ብናጣው ደግሞ መልሰን የምንገዛበት የዘይት ጉድጓድ የለንም።

እንግዲህ መደረግ አለበት የምንለው የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 (ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር) አደን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ደንግገዋል። በእያንዳንዱ የአደን ፈቃድ ላይ አንድ ግልጽ ቃል ይጨመርበት፦ ከመንጋው በቀለሙ የተለየ፣ ነጭም ሆነ ቡራቡሬ ወይም ያልተለመደ ጥቁር እንስሳ የገጠመው አዳኝ አይተኩስ፤ ቦታውንና ቀኑን መዝግቦ ለጠባቂው ያስታውቅ። ይህ ወጪ የለውም፤ ለሳይንስ ግን ብዙ ትርፍ አለው።

ሁለተኛ፣ ከአደንም ሆነ ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብ ምን ያህሉ ለአካባቢው ሕዝብ ለትምህርት ቤት፣ ለውኃና ለጤና ጣቢያ እንደዋለ በየዓመቱ በገበሬው ቋንቋ ይነገር። ባሌ ያለ አባወራ ልጁ የታከመበት ጤና ጣቢያ ከአጋዘኑ ጋር ግንኙነት እንዳለው ካወቀ፣ ከእርሱ የተሻለ ዘበኛ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቅ አለ። በሕክምና፣ በእርሻ፣ በሕግ ተመርቀን ስንመለስ ብዙዎቻችን የምንመደበው በገጠር ነው። ገበሬው ስለ ነጭ ሚዳቋ ወይም ስለ ጥቁር ድኩላ ሲጠይቀን በማናውቀው ነገር ከመሳቅ ወይም ከማስፈራራት ይልቅ የቀለሙን ምክንያት በቀላል አማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎቻችን ማስረዳት እንድንችል ከአሁኑ እንዘጋጅ። በየአገሩ ያሉ የማኅበራችን ቅርንጫፎች ስለዚሁ ጉዳይ አጫጭር ጽሑፎች አዘጋጅተው ወደ አገር ቤት ትምህርት ቤቶች እንዲልኩ አሳባችንን እናቀርባለን።

በዚህ የማይስማማ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር በሚቀጥለው እትም መልሱን እንዲጽፍልን እንጋብዛለን። አደን ጨርሶ ይቅር የሚሉም፣ አደን የገጠሩ ሰው መብት ነው የሚሉም በመካከላችን አሉ፤ ክርክሩ ቢሰፋ ደስ ይለናል። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም መስማማት የምንችል ይመስለናል፦ ጥቁሩን ድኩላ የገጠመው አዳኝ ጣቱ ምላጩ ላይ ባረፈ ጊዜ የሚወስነው ለራሱ ብቻ አይደለም። ገና ላልተወለዱት ድኩላዎችና ገና ላልተወለዱት የባሌ ልጆችም ጭምር ነው።